ልጆች ይዞ ጓሳ ማደር… ከጅቡ ይልቅ ብርዱን ፍሩ!

ዛሬ የፍቅሩንና የቅናቱን ወሬ ለሌላ ሳምንት እናሳድረውና ስለ ቤተሰብ ሽርሽር እንጨዋወት። እኛ የከተማ ልጆች «መዝናናት» ሲሉን ቶሎ ትዝ የሚለን ሶደሬና ላንጋኖ ነው። ሙቀት፣ ውሃ፣ ጥብስ… በቃ! «ልጆች ይዘን ደጋ ላይ፣ ድንኳን ውስጥ እንደር» ያለ ሰው ካለማ ጤንነቱ ይጠረጠራል። «እንዴ! ጅቡስ? ልጆቹስ?» ይባላል። እናት ታለቅሳለች፤ አያትማ ጭራሽ ጸበል ይዘው ይመጣሉ።

እኔ ግን ሰዎቹ የሚፈሩትን ነገር አሳስተውታል ባይ ነኝ። ልጅ ይዞ ሜዳ ማደርን መከራ የሚያደርገው ጅብ አይደለም፤ ብርድና ጥድፊያ ነው። ሁለቱም ደግሞ መድኃኒት አላቸው። መድኃኒቱን የሚያውቁት የውጭ አገር መጽሔቶች ብቻ አይምሰሏችሁ። እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ፣ ከነልጆቹ ብርዱን ችሎ ዘመናት የኖረ ሕዝብ አለ። የቤተሰብ ካምፒንግ ትምህርት ቤት ቢከፈት መምህራኑ የመንዝ እረኞች መሆን ነበረባቸው!

ወሬዬ ከሜዳ የተነሣ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ ላይ፣ ተማሪዎች ለመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ሲዘጉ፣ ታላቅ እኅቴና ባለቤቷ ሦስት ልጆቻቸውን ይዘው ጓሳ ለመሄድ ተነሡ። የ4 ዓመት ሴት፣ የ9 ዓመት ወንድና የ12 ዓመት ሴት ናቸው። እኔም አጎት ተብዬ ለዕቃ ጫኝነት ተመለመልኩ። እነሆ ከዚያ ጉዞ የቀሰምኩትን፣ በኋላም አንብቤና ጠይቄ ያጠራቀምኩትን ልዘርግፍላችሁ።

ጓሳ ማለት…

የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ የሚገኘው መንዝ ጌራ ምድር ወረዳ፣ ከወረዳው ከተማ ከመሐል ሜዳ ብዙም ሳይርቅ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ 130 ኪሎ ሜትር ስትጓዙ ደብረ ብርሃን ትደርሳላችሁ። ከዚያ ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው መንገድ እስከ ጣርማ በር ሄዳችሁ፣ ጣሊያን ወደ ሠራው ዋሻ ሳትገቡ ወደ መንዝ ትታጠፋላችሁ። ጠቅላላ ጉዞው 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከፍታው? ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር! አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ መሆኗን አስቡና ልዩነቱን ገምቱት።

ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። የመንዝ ሰው ጓሳን ቤት ይከድንበታል፣ ገመድ ይፈትልበታል። ይህ ሣር እስከ ዛሬ የቆየው እንዲሁ በዕድል አይደለም። ወደ 400 ዓመት ገደማ የሚገመት ዕድሜ ያለው «ቄሮ» የሚባል የአገር ሥርዓት ነበረው። ሣሩ እስከ ሦስትና አምስት ዓመት ድረስ ይዘጋል፤ በዚያ ጊዜ ማንም አያጭድም፣ ከብት አያሰማራም። ጊዜው ሲደርስ በአለቃው ትእዛዝ ይከፈትና ይታጨዳል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም፣ ሕዝቡ ውሎ አድሮ በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን መልሶ ይዞታል። እንግዲህ ድንኳን የምትተክሉት የሰው አደራ ላይ ነው ማለት ነው። ይህንን ለልጆቻችሁ ገና መኪና ውስጥ ሳላችሁ ንገሯቸው። ሣሩ አይነቀልም፣ «ለመኝታ ይመቻል» ተብሎ አይታጨድም፣ ክብሪት አይጫርበትም። ጥር ላይ የደረቀ ጓሳ አንድ የሲጋራ ቁራጭ ይበቃዋል።

መጀመሪያ… መንገዱ ሰላም ነው ወይ?

ይህንን ጥያቄ ዘልሎ ስለ ድንኳን የሚያወራ ሰው ወዳጃችሁ አይደለም። እኛ ከሄድን ወዲህ በዚያ አገር ላይ ብዙ ነገር ወርዷል። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደብረ ሲናንና የመንዝን ከተሞች ነክቶ ተመልሷል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት የሰሜን ሸዋን መንገዶች የሥጋት መንገድ አድርጓቸዋል።

ስለዚህ ደንቡ አንድ ነው። እዚያው አካባቢ የሚኖር፣ ዛሬ ጧት መንገዱን ያየ ሰው «ኑ» ካላላችሁ ከነልጆች አትነሡ! አንድ ሰው ብቻ አይበቃም፤ ሁለት ሦስት ሰው ጠይቁ። «ባለፈው ሳምንት ሰላም ነበር» የሚለው መልስ መልስ አይደለም። ጥብቅ ሥፍራው እንግዳ እየተቀበለ መሆኑንም አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ጓሳ የትም አይሄድም፤ ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ ሲጠብቅ የኖረ አገር እናንተንም ይጠብቃችኋል። እስከዚያው ዝግጅቱን እዚሁ ከተማ መለማመድ ትችላላችሁ። እንዴት እንደሆነ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

ወር መምረጥ

ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብና ጭቃ ነው፤ መጋቢትና ሚያዝያም በልግ ሊጥል ይችላል። ጥቅምት ምድሩ ገና አረንጓዴ፣ ሰማዩ የጠራ ነው። ብርዱ ግን «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያስባለው ነው፤ አባቶቻችን በከንቱ አልተረቱም። ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ሙቀቱ ከዜሮ በታች ይወርድና ጧት ሣሩ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ልጆቹ «በረዶ! በረዶ!» እያሉ ይጨፍራሉ፤ እናንተ ግን ጣታችሁን ታሻላችሁ።

በአንድ ቀን ከአዲስ አበባ ተስፈንጥሮ ጓሳ ላይ ማደር ደግ አይደለም። የመጀመሪያዋን ሌሊት 2,840 ሜትር ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን እደሩ። የልጁ ሰውነት ከፍታውን ቀስ እያለ ይለምደዋል፤ የሚጠማዘዘውንም መንገድ በጧት ትጨርሱታላችሁ። ጣርማ በር ላይ ጉም ከወረደ የመኪናችሁን አፍንጫ እንኳ አታዩም። ሲመሽ እዚያ መድረስ ሞኝነት ነው።

ከፍታው የያዘው ልጅ ራሱን ያመዋል፣ ምግብ ይጠላል፣ ያስመልሰዋል፣ እንቅልፍ ያጣል። ትንሽ ልጅ «ራሴን አመመኝ» ብሎ አይነግራችሁም፤ ዝም ብሎ ይነጫነጫል። «መንገዱ አድክሞት ነው» ብላችሁ አትለፉት። ዕረፍትና ውሃ ስጡት። ካልተሻለው፣ ይልቁንም ትንፋሽ ካጠረው ወይም ሲራመድ ከተንገዳገደ፣ ሌሊትም ቢሆን ሳትዘገዩ ዝቅ ወዳለ ሥፍራ አውርዱትና ሐኪም ያየው። አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት ልጅ ከጉዞው በፊት ሐኪሙን ያማክር። ዓመት ሁለት ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ደግሞ እኔን ብትሰሙኝ ከአያቱ ጋር ተዉት።

ብርዱን ማሸነፍ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። የከተማ ሰው ስለ ብርድ ሲያስብ ከላይ ስለሚደርበው ነው። የሚያንቀጠቅጠው ግን ከታች የሚመጣው ነው! መሬቱ ሙቀታችሁን ሌሊቱን ሙሉ ይጠጣዋል። ስለዚህ ከሁለት ብርድ ልብስ አንዱን ከሥር አንጥፉት። ወፍራም ስፖንጅ ካላችሁ ከሥር ላስቲክ፣ ከላይ ስፖንጅ፣ በላዩም ዝተት።

መንዜዎች ከበጎቻቸው ጸጉር የሚሠሩት ባና የሚባል ወፍራም የሱፍ ልብስ አለ። ሱፍ ትንሽ ቢርስ እንኳ ሙቀት አይከለክልም። ጋቢያችን ግን ጥጥ ነው፤ ደረቅ ሲሆን ደስ ይላል፣ እርጥበት ሲነካው ጠላት ይሆናል። መንገድ ላይ ባና የሚሸጥ ካገኛችሁ አትከራከሩ፣ ግዙ። ቤት ስትመለሱም ያገለግላል፤ የፈተለችው ሴትም ትጠቀማለች።

ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ሙሉ የመኝታ ልብስ በፌስታል ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። ከካልሲ እስከ ኮፍያ ይሁን፤ ቀን ላይ በፍጹም አይለበስም። ቀን ያላበው ልብስ ለሌሊት አይሆንም።

ምክንያቱን ላውራችሁ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ትንሿ የእኅቴ ልጅ እየተንቀጠቀጠች ነቃች። ለካስ ብርዱ ሽንቷን አምጥቶባት መኝታዋ ርሷል! አራት ዓመቷ ነው፤ ምን ታድርግ? እኅቴ አልተቆጣችም፣ አልጮኸችም። ባትሪ አበራች፣ እርጥቡን ልብስ ገፈፈች፣ ደረቁን አለበሰች፣ ልጅቷን ደረቷ ላይ ለጥፋ ባናውን ደረበችባት። ከፔርሙዝ ለብ ያለ ስኳር ያለው ሻይ አጠጣቻት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተኛች። ያ በፌስታል የተጠቀለለ ልብስ ባይኖር ኖሮ ያን ሌሊት ምን ይሆን እንደነበር አላውቅም።

አስተውሉ! የሚንቀጠቀጥ ልጅ ገና ደህና ነው። የበረደው ልጅ መንቀጥቀጡን አቁሞ መፍዘዝ፣ መተኛት፣ ቃል ማጣት ከጀመረ ግን አደጋ ነው። ደረቅ ልብስ፣ የሰው ገላ ሙቀት፣ ከዚያ ወደ መኪና፣ ከመኪናው ወደ ሐኪም።

ከሰል ድንኳን አይገባም!

ይቺን ነገር በጥቁር ቀለም ጻፉልኝ። የእኅቴ ባለቤት ደግ ሰው ነው፤ ልጆቹ እንዳይበርዳቸው ብሎ ማምሻውን የከሰል ምድጃውን አንጠልጥሎ ወደ ድንኳኑ ሲያመራ፣ የሥፍራው ጥበቃ የሆኑት አዛውንት አዩት።

«ኧረ ጌታው! ወዴት ነው?»

«ልጆቹ እንዲሞቃቸው ነው አባባ።»

«እንዲሞቃቸው ከሆነ ከውጭ ያሙቋቸው። ተዘግቶ የተኙበት ከሰል አያስነሣም።»

ሰውየው ያሉት የሳይንስ ሐቅ ነው። የከሰል ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታም ቀለምም የሌለው መርዝ ያወጣል። ጭሱ ባይታይም፣ ፍሙ ቀልቶ ቢያምርም፣ መርዙ አለ። ያዞራል፣ ያስተኛል፣ ከዚያ… እግዜር ይጠብቀን። በከተማችንስ ስንት ቤተሰብ በክረምት በር ዘግቶ ከሰል አንድዶ ተኝቶ ቀርቷል? ድንኳን ደግሞ ከክፍልም ይብሳል። የጋዝ ምድጃም ቢሆን ውስጥ አይበራም። ሙቀት ካማራችሁ የፈላ ውሃ በደንብ በሚከደን ጠርሙስ ሙሉና በካልሲ ጠቅልላችሁ እግራቸው ሥር አድርጉላቸው።

ስንቅ

ጓሳ ላይ ውሃ 90 ዲግሪ ሳይሞላ ይፈላል። ታዲያ ምስር ወጥ እሠራለሁ ብላችሁ ብትጥዱ ልጆቹ እየተራቡ እናንተ ድስት ስትከፍቱና ስትዘጉ ነው የምትመሹት። የአያቶቻችን ስንቅ ምን ነበር? በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ! በሶ በማር ለተበጠበጠለት ልጅ ብስኩት ምንም አይደለም። ወጡን ቤት ሠርታችሁ አምጡና ማሞቅ ብቻ ይቅራችሁ። ማታ ስብ ያለው ነገር አብሏቸው፤ ሆዱ የሞላ ልጅ አይበርደውም። ምግብ የማይወርድለት ልጅ ካለ ግን አታስገድዱት፤ ከፍታው ይዞት እንደሆነ እዩ።

ውሃ አፍሉ። የትርፍ ምግብ ሽታ ጅብ ይጠራልና ምግብ ድንኳን ውስጥ አይደር፤ መኪና ውስጥ ይቆለፍ። ቀን ደግሞ ብርድ ነው ብላችሁ ፀሐዩን እንዳትንቁት፤ በዚያ ከፍታ የልጅ አፍንጫ በአንድ ከሰዓት ይላጣል። ባርኔጣ ግድ ነው። ፕላስተር፣ የቁስል ማጠቢያ፣ የትኩሳት መድኃኒትና ኦአርኤስ በአንዲት ከረጢት ይያዝ።

ጭላዳው፣ ቀበሮውና ውሻው

ጓሳ ላይ ልጅን እንደ ጭላዳ የሚያስደስት የለም። ይህ ሣር በል ዝንጀሮ ከኢትዮጵያ ውጪ በዱር የትም አይገኝም። ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት አለው፤ በመቶ እየሆነ ሜዳው ላይ ተቀምጦ ሣር ይነጫል። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ጓሳ ላይ ሲያጠኑት ኖረዋል። አደጋው ጭላዳው አይደለም፤ ገደሉ ነው! ጭላዳ የሚያድረው ገደል ላይ ነው፤ ሲመሽ ወደዚያው ያዘግማል። ልጅ ደግሞ ጭላዳውን ተከትሎ ያዘግማል። ስለዚህ የገደሉን አቅጣጫ ገና ስትደርሱ ለልጆቹ አሳዩአቸው፤ ከዚህ ድንጋይ ወዲያ ያለ ትልቅ ሰው አይታለፍም በሉ። ለእያንዳንዱ ልጅ ፊሽካ በአንገቱ እሰሩለት። ጉም ከወረደ ሕጉ «ባለህበት ቁም፣ ፊሽካህን ንፋ» ነው እንጂ «ድንኳኑን ፈልግ» አይደለም።

ቀይ ቀበሮ ካያችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። በዓለም ላይ የቀሩት 500 ገደማ ናቸው፤ ሁሉም እኛው አገር። አይጥ ሲያድን በዝምታ፣ ከሩቅ ይታይ። ዋና ጠላቱ ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነውና የቤታችሁን ውሻ ይዛችሁ እንዳትሄዱ። የእረኞቹም ውሾች ለማሻሸት አልተፈጠሩም። ውሻ የነከሰውን ልጅ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና ለክትባት ወደ ጤና ተቋም ሩጡ። «ትንሽ ጭረት ናት» ማለት የለም።

ብርዱን ጠልታችሁ ቆላውን፣ ለምሳሌ በመርሐቤቴ በኩል የጀማን ሸለቆ ከመረጣችሁም ሒሳቡ ይገለበጣል፤ እዚያ ባና ሳይሆን አጎበር ነው የሚያስፈልጋችሁ። ወባ አለ።

እረኛው መምህር

ሁለተኛው ቀን ከሰዓት ንፋስ ተነሣ። የ9 ዓመቱ ልጃችን ጃኬቱን እስከ አንገቱ ዘግቶ ይንዘፈዘፋል። አጠገባችን በጎች የሚጠብቅ፣ ዕድሜው የእሱ እኩያ የሚሆን ልጅ ባናውን ጣል አድርጎ ይስቃል።

«አንተን አይበርድህም?» አለው የኛው።

«ይበርዳል እንጂ! ቆመህ ምን ትሠራለህ? ንፋሱን ጀርባህን ስጠውና ጓሳው ሥር ቁጭ በል።»

ሁለቱ ልጆች አንድ የሣር ጉብታ ተጠግተው ቁጭ አሉ። እኔም ተቀመጥኩ፤ እውነትም ንፋሱ በላያችን ያልፋል! ከዚያ እረኛው በተራው ጠየቀ። «እናንተ አገር በጎቹን ማን ይጠብቃቸዋል?» የኛው ልጅ አሰበ፣ አሰበና «እኛ አገር በግ የሚመጣው ለበዓል ብቻ ነው» አለው። እረኛው በጣም አዘነለት!

ምክሬ ይህ ነው፤ ለገጠር ልጆች ከመኪና መስኮት ከረሜላ አትበትኑ። ልጅ ከልጅ ጋር ይጫወት፣ አብሮ ቆሎ ይቆርጥም። መስጠት ከፈለጋችሁ ወላጆቹን እንቁላልም ሆነ ባና ግዟቸው፤ ለጥብቅ ሥፍራው የሚከፈለውንም ሳታጉረመርሙ ክፈሉ። አስጎብኚና ጥበቃ «ለምን ያስፈልገኛል» አትበሉ። ያን ሌሊት ከሰሉን ከድንኳኑ ደጃፍ የመለሱት ሰውዬ ለአምስት ሰው ሕይወት ምን ያህል እንደተከፈላቸው አስቡት።

እስከዚያው…

መንገዱ ሰላም እስኪሆን በእንጦጦ በኩል ቀን ቀን ልጆቹን አራምዷቸው፤ ትንፋሻቸውንና ጫማቸውን ፈትኑ። አንድ ቅዳሜ ማታ ደግሞ ግቢያችሁ ውስጥ ድንኳን ትከሉና እደሩ። ግቢ ከሌላችሁ የዘመድ ግቢ ተዋሱ። ማን በጨለማ እንደሚፈራ፣ ማን ብርድ ልብስ ገፎ እንደሚጥል፣ የትኛው ባትሪ እንደማይሠራ በዚያች ሌሊት ይታወቃል። የጎደለውን ጻፉ፣ አሟሉ፣ ደግማችሁ እደሩ። ጎረቤት «አብደዋል እንዴ?» ቢል ይበል፤ ቡናውን እዚያው ድንኳኑ ደጃፍ አፍሉና ጥሩት።